እማማ አፍንጫ ኮረብታው ላይ የወጡ ቀን

የከተማው ሰው «የቧንቧው ውሃ ሸተተን» ማለት ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። አንዱ ሻጋታ ነው ይላል፣ ሌላው ጭቃ ነው ይላል፤ አንዲት አስተማሪማ «ጥርሴን በለስላሳ መጠጥ መፋቅ ጀምሬያለሁ» ብላ ደብዳቤ ጻፈች።

የውሃ ማጠራቀሚያው ኃላፊ ግን ነገሩ ገና ሳይጣራ ደርሶበታል። «ዳክዬ ነው» አለ። ውሃው ዳር ሁለት ነጭ ላባ አግኝቷል።

የማጠራቀሚያው ዘበኛ ይህን ሲሰማ ክው አለ። ሚስቱ ሦስት ዳክዬዎች ታረባለች። ግቢው ውስጥ እንስሳ ማርባት ደግሞ ክልክል ነው፤ የተገኘበት ሥራውንም ቤቱንም ያጣል። ማጠራቀሚያው ካለበት ኮረብታ ላይ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት አሥራ አንድ ዓመት ኖረዋል፣ ልጃቸውንም ከዚያው ድረዋል። ሌላ መግቢያ የላቸውም።

«ዛሬ እማማ አፍንጫ ይመጣሉ» አለው ኃላፊው። «ዳክዬ ሸተተኝ ካሉ፣ ነገ ዕቃህን ትጭናለህ።»

እማማ አፍንጫ የመሥሪያ ቤቱ ውሃ አሽታች ናቸው፤ ሥራው ላይ ሠላሳ ዓመት ቆይተዋል። ስለ እሳቸው የማይወራ የለም። አንድ ጊዜ ጠርሙስ አሽትተው፣ ውሃውን የቀዳው ሰው ሲጋራ እንደሚያጨስ፣ ያውም ከሚስቱ ተደብቆ እንደሆነ ተናገሩ ይባላል።

ዘበኛው እየሮጠ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ነገሩን ስትሰማ ጊዜ አላጠፋችም። ዳክዬዎቹን ቅርጫት ውስጥ ከድና አልጋ ሥር ሸጎጠቻቸውና አንድ ድስት ሙሉ ሽንኩርት ከትፋ ምድጃው ላይ ጣደች።

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«ሽታውን ልሸፍን ነዋ! ቆመህ ከምትንቀጠቀጥ መስኮቱን ዝጋ።»

«የእሳቸው አፍንጫ በሽንኩርት የሚታለል መሰለሽ?»

«እስቲ እናያለን» ብላ ድስቱን ከደነችው።

እማማ አፍንጫ አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚረሱ ሴት ናቸው። ሾፌራቸው በጀልባ ገብቶ ከላይ፣ ከመሃልና ከሥር በሦስት ጠርሙስ ውሃ ቀዳ።

«ውሃ ሽታውን የሚያወጣው ሞቅ ሲል ነው» አሉ። «ምድጃ ያለው ማን ነው?»

ኮረብታው ላይ ምድጃ ያለው ዘበኛው ብቻ ነው።

ጠርሙሶቹን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው አረፍ አሉ። ወንበር የጠፋ ይመስል ያረፉት አልጋው ላይ ነው። ተረከዛቸው ቅርጫቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ዳክዬዎቹ ለዘበኛው ለራሱ አፍንጫ እንኳ ቁልጭ ብለው ይሸቱታል። ፈራ፤ በጣም ፈራ። እሳቸው ግን ጠርሙሶቹ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት እየጻፉ ስለ ልጁ ትዳር ይጠይቁታል።

በዚህ መሃል ከጀርባቸው የተጣደው ሽንኩርት ማረር ጀመረ። ዘበኛው ስለ ሽታ የሚያወራ የመጀመሪያው ሰው መሆን አልፈለገምና ዝም አለ። በመጨረሻ ሚስቱ ከውጭ እየሮጠች ገባች።

«ኧረ ሽንኩርቴ! ሽታው እደጅ ድረስ እየመጣ ዝም ትላላችሁ?»

እማማ ዞር ብለው ድስቱን አዩት። «ወይ ጉድ! አረረ እንዴ?» አሉ።

ዘበኛው ሰው ሥራው ውስጥ እንዲህ ሲሰጥም አይቶ አያውቅም።

ማሽተቱ የተደረገው ውጭ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። «መጀመሪያ እናንተ» አሉ እማማ። ድሮ ብቻቸውን ነበር የሚያሸቱት፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን አብሮ ያለው ሰው ሁሉ አስቀድሞ ሳያሸት እሳቸው ኩባያ አያነሱም። ሾፌሩ «ከዕድሜ ጋር የመጣ ጥንቃቄ ነው» ይላል።

ኃላፊው ኩባያው አፍንጫው ጋ ሳይደርስ «የዳክዬ ኩስ!» አለ።

ሾፌሩ ፊቱን ጨምደድ አድርጎ «ዝናብ የመታው አፈር» አለ።

ተራው የዘበኛው ሆነ። «ምንም አይሸትም» ለማለት ዳድቶት ነበር፤ እሳቸው ፊት መዋሸት ግን አልሆነለትም። «ምድር ቤት ምድር ቤት ይላል» አለ። «የባሰው ከላይ የተቀዳው ነው። የመሃሉ ደህና ነው።»

እማማ ፊት ፊታቸውን ሲያዩ ቆይተው ኩባያውን አነሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አሸተቱ። ከዚያ ወደ ውሃው ወርደው ዳሩ ላይ የተጣበቀውን አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር በጣታቸው አሹት፣ ወደ ብርሃንም አድርገው አዩት።

«ዳክዬ አይደለም» አሉ። «አልጌ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ውሃው ፊት ላይ የሚራባው ይኸው አረንጓዴ። ውሃው የሚወጣበትን የላይኛውን መክፈቻ ዝጉና ከመሃል ቅዱ።»

«ላባውስ?» አለ ኃላፊው።

«ወፍ ላባዋን ስትጥል አንተን ታስፈቅድ?»

በሳምንቱ ሽታው ጠፋ። አስተማሪዋም ወደ ውሃ ተመለሰች።

ዘበኛው ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። «እንዲያ ያለ አፍንጫ አልጋው ላይ ተቀምጦ ሥሩ ያለውን ሳያውቅ ይቀራል?» አላት ሚስቱን። «እያወቁ ነው ዝም ያሉልን!»

«ታዲያ ልታመሰግናቸው ባዶ እጅህን አትሄድም» አለች ሚስቱ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አበባ አንስታ አቧራውን አራገፈችና በጋዜጣ ጠቀለለችለት።

እማማን ከነባልደረቦቻቸው ቢሯቸው አገኛቸው። ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው፣ «የዋሉልኝን ውለታ እስክሞት አልረሳውም» አላቸው።

«የምን ውለታ፣ ልጄ?»

«አልጋው ሥር የነበረውን...»

«የምን አልጋ?»

ዘበኛው ሳቀ። ደግ ሰው ውለታውን እንደሚክድ ያውቃል። አበባውን ሰጣቸው።

ባልደረቦቻቸው ቀና ብለው ማየት ጀመሩ። እማማ የጋዜጣውን አፍ ከፈት አድርገው አፍንጫቸውን አስገቡ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ ሆዳቸው ሳቡት።

«እሰይ!» አሉ። «ምን ዓይነት ሽታ ነው! ክፍሉን ሞላው እኮ!»

ዘበኛው አፉን ሊከፍት አለና ተወው።

አበባው የፕላስቲክ ነበር።