የጋሽ ሳልህ አህዮች

ሐቢባ ጧሪ የሌላቸው ሽማግሌዎች ከሚጠጉበት ከሼሁ ግቢ በር ላይ ተንበርክካ በአባቷ በረባሶ ውስጥ የገባውን ጠጠር አራገፈችላቸው። የአባቷ የጋሽ ሳልህ ዓይን ግን ዳገቱ ላይ ነበር።

«አህዮቼ በዚህ አልፈዋል?» አሉ፤ ከሸዋ ሮቢት ከተነሡ ሰባተኛ ጊዜያቸው ነው።

«ኧረ አባ፣ አህያ የለም። ከተሸጡ ስንት ዘመናቸው!»

ጋሽ ሳልህ በደኅናው ጊዜ ከቆላ ጨው እየጫኑ ደብረ ሲና የሚያወጡ ነጋዴ ነበሩ። አእምሯቸው ከደከመ ግን ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው፤ በየቀኑ የጠፉ አህዮች ፍለጋ ይወጣሉ። ባለፈው ወር ሹፌሩ ተፈራ ከካራቆሬ መንገድ፣ ከአስፋልቱ መሀል አንስቶ በጭነት መኪናው አመጣቸው። «ለጥቂት ነው የሳትኳቸው» አላት። እሷ ጎህ ሲቀድ ለጥጥ ለቀማ ወደ መንግሥት እርሻ ትሄዳለች። ወንድሟ ኢብሮ ለብሔራዊ ውትድርና ሰሜን ዘምቶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ዓመት አልፎታል። ሌላ ሰው የላቸውም።

የቀበሌው ጸሐፊ አሊዪ አዝኖላት ከአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቦታ ለምኖላታል። ደጋ ነው፤ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ሄዳ አይታዋለች። አልጋው ንጹሕ ነው፤ ነርስ አለ፤ ምግብ በሰዓቱ ይቀርባል። ሽማግሌዎቹ አንድ ዓይነት ካፖርት ለብሰው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። በቆየችበት ሰዓት ሁሉ አንዱ ለአንዱ ሲናገር አልሰማችም። «የሚወጡ ከሆነ አታስቢ፣ በሩ ይቆለፋል» አላት ኃላፊው። አሊዪም እስከ ሰኞ ካልገቡ ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ ነግሯታል። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ከመወሰኗ በፊት ይህንንም ግቢ ልትጠይቅ መጥታለች።

ግቢውን የሚያስተዳድሩት እትዬ መሪያም እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ መጡ።

«ይሳደባሉ? ይማታሉ?»

«በጭራሽ። መውጣት ነው ችግራቸው።»

«እንግዲህ እንዳልዋሽሽ፣ ልጄ። እኛ ዘንድ ሐኪም የለም። ቢታመሙ ሮቢት ድረስ በቃሬዛ ነው። የምንበላው ሰው ያመጣልንን ነው፤ ያላመጣ ቀን ንፍሮ ነው። በር ቆልፈንም አናውቅ።»

«ቢወጡስ ታዲያ?»

«አብሯቸው የሚወጣ አይጠፋም።»

መልሱ ሐቢባን አላሳመናትም። ወደ ግቢው ተመለከተች። ዋርካው ሥር ስድስት ሰባት ሽማግሌዎች አሉ፤ ሁለቱ በጥላው ቦታ ይጨቃጨቃሉ፣ አንዱ ከሌላው እግር እሾህ ያወጣል። መለስ ስትል አባቷ አጠገቧ የሉም።

ወደ በሩ ሮጠች። ወዲያው ግን በአጥሩ ጥግ፣ አብዱልሃዲ ከሚባሉ ቀጭን ሽማግሌ ጋር ቆመው አየቻቸው።

«ስንት ናቸው?» ይላሉ አብዱልሃዲ።

«አራት።»

«መልካቸውስ?»

ጋሽ ሳልህ ቀና አሉ። «ሁለቱ ዳልቻ ናቸው። አንዷ ቡላ፣ ሆዷ ነጭ። አራተኛዋ ጥቁር ናት፤ ግራ ጆሮዋን ጅብ ቀንጥሷታል። ዳገት ላይ ትለግማለች፤ ካንጎራጎሩላት ግን ትወጣለች።»

«ምን እያሉ ነው የሚያንጎራጉሩላት?»

ጋሽ ሳልህ ዓይናቸውን ከድነው በዝግታ ማንጎራጎር ጀመሩ። ሐቢባ ዜማውን ሰምታው አታውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ አህያ የለም ስትላቸው፣ አንድ ቀን እንኳ መልካቸውን ጠይቃቸው አታውቅም።

«እስቲ ወደ ወንዙ ወርደን እንፈልጋቸው» አሉ አብዱልሃዲ።

«አባ እዚሁ ግቢ ይኑሩልኝ» አለች ሐቢባ፣ ወደ እትዬ መሪያም ሳትዞር።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከበሩ ሲወጡ ሮጣ ደረሰችባቸው። አባቷ ቆመው፣ ፀሐዩን በመዳፋቸው ከልለው አስተዋሏት።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የሳልህ።»

«የጨው ነጋዴው?»

«አዎ።»

«እሱማ ደግ ሰው ነው። ደኅና ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ናቸው።»

«ሰላም በይልኝ። በይ አሁን ሂጂ፣ አባትሽ ያስባል።»

ከአብዱልሃዲ ጋር ወሬያቸውን ቀጥለው ወደ ወንዙ አዘገሙ። አንዴም ዞር አላሉም። ሐቢባ ከዓይኗ እስኪሰወሩ ቆማ በሌላው መንገድ ወደ ሮቢት ወረደች።

ቁልቁለቱን ከመጨረሷ በፊት አንድ ድንጋያማ ቦታ ላይ ቆመች። ቀኝ እጇ አባቷን መደገፍ እንደለመደ ወደ ኋላ ተዘርግቶ፣ የሚይዘው ሰው ይጠብቃል።