የጡብ ሠሪው መዳፍ

ጡብ ሠሪው ልጅቷን ለማግባት የጠየቀ ዕለት አባቷ እጁን ያዘና መዳፉን ገልብጦ አየ።

መዳፉ ቢጫ ነበር፤ እንደ ደረቀ ቆዳ የጠነከረ፣ በጣቶቹ ሥር የተሰነጣጠቀ። አባት በአውራ ጣቱ ጫን አለው።

«ያምሃል?»

«ኧረ አባባ፣ እሳት እንኳ አይሰማኝም!» ብሎ ሳቀ ጡብ ሠሪው።

«እግርህስ?»

ጡብ ሠሪው ግር አለው። ጭቃውን በባዶ እግሩ እየረገጠ የሚያቦካ ሰው ነው። ጫማውን አወለቀ፤ ተረከዙም ያው ነበር። አባት ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው።

«ሐኪም ይይህ» አለ ቀና ሲል። «ወረቀቱ ሲመጣ እነግርሃለሁ።»

አባት ገበሬ ነው። ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቃሉን እንደ ዘር ቆጥቦ ይጥላል፤ አንዴ ካለ አለ ነው። ጎረቤት ይህን ሲሰማ አሾፈ። «የራሱ መዳፍ ሐር ነው እንዴ?» ተባለ።

ቤቱ ኩርፊያ ገባበት። ልጅቷ በየማለዳው ደጃፍ ላይ ተቀምጣ መዳፏን በሻካራ ድንጋይ ትፈገፍጋለች። ጡብ ሠሪው በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ይቀልድባታል።

«የኔ እመቤት፣ ድንጋዩን ብታውሺኝ እኮ ካባትሽ እገላገል ነበር።»

«ዝም በል፤ ይሰማሃል» ትለዋለች፤ አትስቅም።

እናት ግን ዝም አላለችም።

«ሰውዬ፣ ልጁ ሥራ ወዳድ ነው። መዳፍ አይቶ ሰው የሚጠላ ገበሬ ባንተ አየሁ።»

«አልጠላሁትም።»

«ታዲያ ልጅቷን ለምን ታንገላታታለህ? ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ይሄ ከሄደ ሌላ የሚመጣ መሰለህ?»

«ወረቀቱ ይምጣ።»

«ንጹሕ ቢሆንስ? ያኔ ምን ልትል ነው?»

ገበሬው ቆቡን አንሥቶ ወጣ።

የቆዳ ሐኪሟ ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ በመስኮቱ ሥር አንድ ማይክሮስኮፕ። ሐኪሟ መዳፉን በመብራት አየችው።

«ከሁለት አንዱ ነው» አለች። «አንድም ሥራ ያመጣው ነው፤ አንድም በዘር የሚመጣ የቆዳ መወፈር ነው። ይሄኛው እምብዛም አይገኝም። ከሆነ ግን ከሚወልዳቸው ገሚሶቹ ሊወርሱት ይችላሉ። መድኃኒት ያለሰልሰዋል እንጂ አይነቅለውም።»

«ሕፃን ሳለ መዳፉ ውኃ ይቋጥር፣ ይላጥ እንደነበር ይጠይቁት» አለ አባት።

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችው። «ደህና ጥያቄ ነው፣ አባት።»

«እኔ አላውቅም» አለ ጡብ ሠሪው። «እናቴ ሳትነግረኝ ሞተች።»

ሐኪሟ መዳፉን አደነዘዘችና የምስር ፍሬ የምታክል ቆዳ ቆርጣ አነሣች። በሳምንቱ እንዲመለሱ ነገረቻቸው።

በዚያ ሳምንት ገበሬው አንድ ማሳ ሁለት ጊዜ አረሰ። ልጅቷ እህል ቀመሰች ለማለት ያስቸግራል።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ራሷ አባትን ወደ ማይክሮስኮፑ ጠራችው።

«ይዩት። ላዩ ላይ እንደ ግንድ ቅርፊት የወፈረው፣ ሞቶ የደረቀ ቆዳ ነው። ይሄ በሥራም ይመጣል። ቁም ነገሩ ከሥሩ ያለው ነው። በሽታው ቢሆን ኖሮ ሕዋሶቹ አብጠው፣ ተቀዳደው፣ እንደ ወንፊት ተበሳስተው እናያቸው ነበር፤ በመሃላቸውም ጥቁር ፍርፋሪ ይከማቻል። የእሱ ግን እንደ ጡብ ተደርድረዋል።»

አባት ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ አላነሣም።

«ደግመው ይዩት» አለ።

«ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ።»

«ከተረከዙም ይቁረጡ።»

«አባባ፣ ገፈው ሊጨርሱኝ ነው እንዴ!» አለ ጡብ ሠሪው።

«አያስፈልግም» አለች ሐኪሟ። «ልጁ ጤነኛ ነው። እጁን ያወፈረው ሥራ ነው።»

ጡብ ሠሪው ዘሎ ተነሣ። «ልንገራት!» ብሎ ሮጦ ወጣ። ልጅቷ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር እየጠበቀች ነበር። በመስኮቱ ሲታዩ እሱ እጆቿን ይዞ ይዘላል። እሷ ግን በትከሻው ላይ አሻግራ ወደ አባቷ ትመለከታለች።

ሐኪሟ ወረቀቱን ፈርማ ሰጠችው።

«እንግዲህ ፊትዎን ይፍቱት፣ አባት። ምርጥ አማች አግኝተዋል።»

«እኔንና ልጄን የያዘን በሽታ እሱንም የያዘው መስሎኝ ነበር» አለ ገበሬው። «ለጤነኛ ሰው ይህን ደም አልሰጥም፤ ሠርጉ ቀርቷል።»