ዘር የገደለው ኪኒን

ኦዶችና ላሙኑ የተዋወቁት ከኡጋንዳዋ ጉሉ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ክሊኒክ፣ ለአእምሮ ሕክምና ተራ ሲጠብቁ ነው። እሱ ሃያ ስድስት፣ እሷ ሃያ አራት ዓመታቸው ነበር። እሱ የሌለ ድምፅ ይሰማዋል፤ እሷ አንድ ሰሞን እንቅልፍ አጥታ ስትዘፍን ትከርማለች፣ ሌላ ሰሞን ከአልጋ አትነሳም።

«ሁለት እብድ በአንድ ጎጆ!» ብሎ መንደሩ ሳቀ። እነሱ ግን ተጋቡ፤ ተዋደዱም።

ልጅ ብቻ እምቢ አለ።

የላሙኑ ወንድም ኦጃራ አንድ ቀን ዋራጊ የሚባለው አረቄ የሚሸጥበት ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ፣ «አማቼ! ያ የምትውጠው ኪኒን ኮርማውን ሰንጋ አደረገው አሉ!» አለው። ጠጪው በሳቅ ወደቀ።

ኦዶች በቀጥታ ወደ አማቱ ሄደ። «እማማ፣ እውነት ኪኒኑ ነው?»

ሴትዮዋ መሬት መሬት እያዩ፣ «እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ» አሉት።

ኪኒኑን ሽንት ቤት ጣለው። ላሙኑ እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው። «ልጁ ይቅርብኝ! አንተ ትበልጥብኛለህ!»

«አባት ልሁን በቃ!» አላት።

ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ተመለሰ፤ የኦጃራን ሳቅ ይስቅ ጀመር። ኦዶች ገጀራ አንስቶ ወጣ። ኦጃራን በሬውን ሲያጠጣ አገኘውና ክንዱን ከክርኑ በታች መታው። እጁ በቆዳ ብቻ ተንጠለጠለ።

የኦጃራ ጓደኞች ኦዶችን ማንጎ ዛፍ ላይ አስረው በዱላ ቀጠቀጡት። መንጋጋው ተሰበረ። ላሙኑ እየጮኸች ላዩ ላይ ተጠመጠመች፤ ለእሱ የተሰነዘረው ዱላ የእሷን የእጅ አንጓ ሰበረ።

ኦጃራ እጁን አጣ። ሽማግሌዎች ገብተው በከብት ካሳ አስታረቋቸው፤ ኦዶችም ወደ ኪኒኑ ተመለሰ። እናትየው ከተማ ሆስፒታል ልጃቸውን ሲያስታምሙ የላሙኑ የክሊኒክ ቀጠሮ ደረሰ። ከዚያ በፊት እሳቸው እንጂ ሌላ ሰው ወስዷት አያውቅም። አሁን ግን ኦዶች መንጋጋው ገና ሳይድን ይዟት ሄደ።

ነርሷ ሁለት መርፌ ይዛ መጣች።

«ሁለት ለምን?» አለ ኦዶች፣ አፉ በደንብ ሳይከፈትለት።

«አንዱ ለሕመሟ ነው።»

«ሌላውስ?»

«እንዳታረግዝ ነዋ! እናቷ ‹ባልና ሚስቱ ተስማምተዋል› ብለውኝ አልነበር እንዴ?»