ቢጫዋ ካልሲ የማን ናት?

"እሷ ምን አላት እኔ የሌለኝ?"

ይሄን ጥያቄ ዛሬም አልመለስኩትም...

የምንሰራው ላውንደሪ ቤት ነው። የአውሮፕላን ብርድ ልብስ አጥበን፣ አጥፈን፣ በላስቲክ እናሽጋለን።

አንድ ጠዋት አለቃችን መጣና፣

"አየር መንገዱ ስልጠና አዘጋጅቷል። ለኛ ስራ ተብሎ ለብቻው የተዘጋጀ ነው። ቀጮ ትሄዳለች!" አለ።

ቀጮ ከጎኔ ቆማ ነው የምታጥፈው። ስልጠናውን ያለፈ የፈረቃ ኃላፊ ይሆናል፣ ደሞዙም ይጨምራል...

እኔ የልጅ እናት ነኝ! እሷ አግብታ ልጅ እንኳ የላትም። ለማን ልታበላው ነው?... አልኩ በሆዴ።

የስልጠናው ቀን ጫማዋን ወልውላ መጣች።

"በዚህ ጫማማ አብራሪ ያደርጉሻል" አልኳት።

"ካደረጉኝ አንቺን በነፃ ነው የምጭንሽ!" ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ቅናት እንደ ብል በላኝ...

በማግስቱ ወሬው ደረሰ። ቀጮ ወድቃለች!

እዚያ ሰልጣኞቹን የአውሮፕላን ወንበር ላይ ያስቀምጡና፣ እያንዳንዱ ከራሱ መስሪያ ቤት የመጣውን እሽግ እንደ መንገደኛ ይከፍታል አሉ።

ቀጮ ላስቲኩን ስትቀደው ከብርድ ልብሱ መሀል የግል ዕቃ ዱብ አለ። ያውም ሰው ሁሉ ፊት!

እውነቴን ነው... አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ለአለቃችን ምን ዕቃ እንደሆነ እንኳ አልነገሩትም። እሱም ጠራኝና፣

"ሰኞ በእሷ ምትክ አንቺ ትሄጃለሽ" አለኝ።

እየበረርኩ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገባሁ። ቀጮ ብቻዋን ቆማለች። እጄን ሳብ አድርጋ የሆነ ነገር መዳፌ ላይ አስቀመጠች...

ትንሽዬ ቢጫ ካልሲ።

ክው አልኩ። የልጄ ካልሲ!

ለካ... ልጄን የምትይዝልኝ ጎረቤቴ ታማ፣ ደብቄ ከማጠፊያው ጠረጴዛ ስር አስተኝቻት የዋልኩ ቀን፣ ካልሲዋ ወልቃ ከብርድ ልብሱ ጋር ታሽጋለች። አለቃችን ደግሞ "ልጅ ይዞ የገባ ይባረራል" ብሏል።

"የኔ መሆኑን እያወቅሽ ለምን አልተናገርሽም?"

"አሰልጣኟ 'የማን ናት?' አለችኝ... 'የልጄ ናት' አልኳት።"

"ቀጮ!..."

"ተይኝ እስቲ። ለአንድ አፍታ እንኳ ሰው እንደ እናት አየኝ..."

ካልሲዋን ጭብጥ አደረግኳት።

"በስልጠናው እንደቀናሽብኝ አውቃለሁ፣ እህቴ" አለች። "እኔ ግን ያቺን ልጅ ከጠረጴዛው ስር ካየኋት ጀምሮ ስቀናብሽ ነው የኖርኩት..."

እኔ በእሷ ወንበር... እሷ በኔ ልጅ!

ወገኖቼ፣ የምንቀናበት ሰው እኛ የጠገብነውን ነገር ተርቦ ይሆናል። ከመቅናታችን በፊት እጃችን ላይ ያለውን እንይ።

አሁን እውነቱን ብናገር እባረራለሁ፤ የልጄ ወተት ይቀራል። ዝም ብል ደግሞ የቀጮን ዕድል በላሁ። እሷ "ዝም በይና ልጅሽን አሳድጊ" ትለኛለች።

ሰኞ ደረሰ...

እናንተ በኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እባካችሁ ምከሩኝ...