የአንድ ሰዓት ዕረፍት

የሆስፒታሉን ማረፊያ ክፍል በሚያሳየኝ የካሜራ ስክሪን ላይ የቪቶሚር ቀኝ እጅ ወደ ላይ ይወጣል። ስክሪኑ ድምፅ የለውም። እጁ ይወርዳል፤ የጫማውን ክር ልትፈታ እግሩ ሥር የተንበረከከችው ሚስቱ ግድግዳው ላይ ትወድቃለች። እጁ እንደገና ይወጣል። ጣቶቹ ተጨብጠዋል።

መርፌውን ከወጋሁት ገና ሃያ ደቂቃ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ መተኛት ነበረበት። የወጋሁት ጨረር ያለው ስኳር ነው፤ የታመመ የጣት አንጓ ስኳሩን ይበላና በምስሉ ላይ ይበራል። አንጓዎቹ ዛሬም ከበሩ፣ ስድስት ወር የወሰደው መድኃኒት አልሠራም ማለት ነው፤ ይቆማል። ግን ሥራ የሠራ ጡንቻም ስኳሩን ይበላል። ስለዚህ ጣትዎን እንኳ አያንቀሳቅሱ ብዬው ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የበላው ነገር እንዳለ ስጠይቀው፣ ራኪያ አረቄ ይጠጣል እንጂ አይበላም ብሎ አስቆኛል።

በሩን ስከፍት ሦስተኛው ቡጢ ያርፋል። አይጮህም። እሷም አትጮህም። ሁለቱም ሥራውን የለመዱት ናቸው። የስታኒካ አፍ በደም ተሞልቷል፤ በአንድ እጇ አሁንም የጫማውን ክር ይዛለች።

"ተዋት" እላለሁ፤ የእጁን አንጓ ይዤ ወደ ኋላ እጎትተዋለሁ። ዞሮ የእኔን ይይዛል። ከስድስት ወር በፊት እስክሪብቶ መጨበጥ አቅቶት የሕክምናውን ስምምነት በአውራ ጣቱ ነው የፈረመው። አሁን አጥንቶቼ እርስ በርስ ሲፋጩ ይሰማኛል። የገዛ እጁን ያየዋል፣ የሰው እጅ እንደሚያይ።

"አየሽ ልጄ?" ይላል። "እጄ ትይዛለች።"

ጥበቃውን እጠራለሁ። እስኪመጣ ድረስ አይለቀኝም።

ያስገባኋት እኔ ነኝ። መርፌ የተወጋ ሰው ዘንድ ማንም አይገባም፤ ደንብ ነው። ክሩን መፍታት አልችልም አለ። ቤቱም ቢሆን ጫማውን የምታወልቀው ሚስቱ ናት። ሁለት ሰው ተሰልፎ ይጠብቀኝ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ የሰው ጫማ ለመፍታት ትዕግሥት አልነበረኝም። ጠራኋት።

ከዚያ በፊት ደግሞ ኮሪደሩ ላይ እጄን ይዛ፣ ምስሉ ከበራ መድኃኒቱ በእርግጥ ይቆማል ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። አዎ፣ ግን አይስጉ፣ አልኳት። መርፌውን ስወጋው ላጫውተው ብዬ ነገርኩት፦ ሚስትዎ መድኃኒቱ ይቆም ይሆን ብላ ስትጨነቅ ነበር አልኩት። ስለ ጫማው ክር ያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ያልገባኝ እሱ ገብቶታል።

ስታኒካን ወደ መታጠቢያው እወስዳታለሁ። ደሙን ትተፋለች፤ ውኃ ትጉመጠመጣለች፤ እንደገና ትተፋለች። ፖሊስ እንደተጠራ ስነግራት ትከሻዋን ትሰብቃለች። እጁ ታሞ ሁለት ዓመት ሥጋውን ቆራርጬ አጎረስኩት ትለኛለች። ሁለት ዓመት አሳማችንን ጎረቤት አረደልን። ዘንድሮ ቢላዋውን ራሱ ያዘ፤ ለዶክተሩ ያመጣው ቋሊማ ከዚያው አሳማ ነው።

"እነዚያን ሁለት ዓመታት እንቅልፍ ተኛሁ" ትላለች። "መጀመሪያ ምስሉን እይልኝ።"

ሰዓቱ ሲሞላ ጥበቃው ቪቶሚርን ወደ ምስል ማንሻው ክፍል ያመጣዋል። ምስል ሲነሳ የታካሚው እጅ እንዳይንቀሳቀስ ሰሌዳው ላይ በማሰሪያ እናስረዋለን። የቪቶሚርን ከሚያስፈልገው በላይ አጠብቀዋለሁ። ልጄ፣ ያማል እኮ ይላል።

"ሃያ ደቂቃ ነው" እለዋለሁ። ማሰሪያውን አንድ ቀዳዳ ጨምሬ እስበዋለሁ።

ምስሉ ከላይ ወደ ታች ይመጣል። ከስድስት ወር በፊት የተነሳውን ምስል ጎኑ አስቀምጬዋለሁ፦ እዚያ እያንዳንዱ አንጓ ፍም ነው። በአዲሱ ላይ አሥሩም ጣቶች ጨለማ ናቸው። የእጅ አንጓዎቹም ጨለማ ናቸው። የቀኝ ክንዱ ብቻ፣ ከክርኑ እስከ እጁ መዳረሻ፣ ነጭ እስኪሆን ይነድዳል።

ዶክተር ሳቪች ከኋላዬ ያጎነብሳል። አንጓዎቹ ንጹሕ ናቸው፣ እንዲህ ዓይነት አላየሁም፣ ይላል። ከዚያ ክንዱን በእስክሪብቶው ይነካል።

"ይሄስ? አላረፈም እንዴ?"

"ሚስቱን ሲመታ ነበር። በዕረፍቱ ሰዓት፣ እዚሁ።"

እስክሪብቶውን ከስክሪኑ ላይ ያነሳል። ከዚያ ዶክተሩ ተቀምጦ ይጽፋል፦ የጡንቻ እንቅስቃሴ፤ ከበሽታው ጋር ግንኙነት የለውም። መድኃኒቱ ይቀጥል። ሌላው ነገር የት ይጻፍ ስለው፣ ቅጹ ለሱ ቦታ የለውም ይለኛል። ቋሊማው ከዶክተሩ ካፖርት አጠገብ ተሰቅሏል። ወረቀቱን እቀበለውና ኅዳጉ ላይ በራሴ እጅ እጽፋለሁ፦ ታካሚው ሚስቱን ሦስት ጊዜ በቡጢ መታ። ያየሁት እኔ ነኝ። ሰዓቱን እጨምራለሁ። ስሜን እፈርማለሁ። የእጄ አንጓ አብጧል፤ ፊርማዬ የሌላ ሰው ይመስላል።

ኮሪደሩ ላይ ስታኒካ ጥጥ ከንፈሯ ላይ ይዛ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፊቴን ታያለች።

"አልበራም" እላታለሁ።

አንድ ጊዜ ራሷን ትነቀንቃለች። ከፊት ለፊቷ፣ ጥበቃው አጠገብ፣ ቪቶሚር ፖሊስ እስኪመጣ ባዶ እግሩን ተቀምጧል፤ ጫማዎቹ ሥሩ ናቸው። እንደ ልማዷ ልትንበረከክለት ትነሳለች።

ቪቶሚር በእጁ ይመልሳታል። ጎንበስ ይልና እግሩን ጫማው ውስጥ ያስገባል። ሁለቱን ክሮች ያነሳል፤ ያሳልፋል፤ ይስባል። ሳይቸኩል፣ በአሥር ጣቶቹ፣ ቋጠሮ ይሠራል። በላዩ ሌላ ቋጠሮ ይደግማል። ከዚያ ሁለተኛውን ጫማ ይጀምራል።