የአየር ሁኔታ አቅራቢዋ ጉንጮች

በቴሌቪዥን ጣቢያው የአየር ሁኔታ የምታቀርበው ሴት ፊቷ ይቀላል። መጀመሪያ የቀለደችበትም ራሷ ናት። «ነገ ፀሐያማ ይሆናል ስላችሁ ማስረጃዬን ፊቴ ላይ ይዤ ነው» ትልና ሰው ሳይቀድማት ትስቃለች። በልጅነቷ እናቷ «የኔ ልጅ እኮ ቀይ ናት» እያለች ትኩራራባት ነበር። ነገሩ እንዲህ መጠን ያጣል ብሎ ማን አሰበ?

ጉንጮቿና አፍንጫዋ በሜካፕ አልሸፈን ካሉ ቆዩ። ዱቄቱን ስትደራርብበት ልስኑ የተፈረፈረ ግድግዳ እንደምትመስል ራሷ ታውቃለች። ተመልካቾች እየደወሉ ልጅቷ ጠጥታ ነው ወይ የምትቀርበው ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ከሻይ የጠነከረ ነገር ቀምሳ የማታውቅ ሴት በከተማው ሁሉ ሰካራም ሆና አረፈች።

የዜና ክፍሉ ኃላፊ አስጠራት። ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ ቆይቶ ቁርጡን ነገራት፦ ፊቷ ካልተስተካከለ ድምፅዋ ብቻ ይሰማል፤ ካርታው ፊት ሌላ ሰው ይቆማል።

ለጓደኞቿ ስትነግራቸው ቀለደችበት እንጂ ነገሩ የቀልድ አልነበረም። እዚያ ካርታ ፊት ለመቆም ስንት ጊዜ ደጅ ጠንታለች። እናቷም ጎረቤት ሰብስባ ቴሌቪዥን የምትከፍተው ዝናቡ አሳስቧት ሳይሆን ልጇን ለማሳየት ነው።

ከሁሉም የከበዳት ግን ካሜራማኑ ነው። ከሌላ ጣቢያ በቅርብ የመጣ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ከካሜራው ኋላ ካለው ጨለማ የማይወጣ ዝምተኛ ሰው ነው። ፊት ለፊቷ ያለውን ትልቁን መብራት ያጠፋባታል። ካሜራውን ወደ ኋላ ይስብና ካርታው ጥግ ላይ ቴምብር አሳክሎ ያስቀምጣታል። ጠረጴዛዋ ላይ ያስቀመጠችውን ትኩስ ሻይ ሳያስፈቅዳት አንስቶ ቀዝቃዛ ውሃ ይተካበታል። አንድ ቀን ከምሳ ስትመለስ ትክ ብሎ አያትና «ቃሪያ በልተሻል አይደል?» አላት። እሷ እቴ፣ አፌ ሸቶ ነው ብላ ቀኑን ሙሉ መዳፏ ላይ እየተነፈሰች ስታሸት ዋለች።

የካሜራማኑ የእህት ልጅ በጣቢያው ልምምድ ላይ መሆኗን የሰማች ዕለት ሁሉም ነገር ተገለጠላት። ሰውዬው እሷን ገፍቶ ዘመዱን ሊያቆም ነው።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ ጉንጯን በማጉያ መነጽር ስታይ ቆይታ ሕመሟ ሮዜሺያ እንደሚባል ነገረቻት። ከቆዳዋ ሥር ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ሰፍተው ቀርተዋል። የጠጪ በሽታ አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ ጨርሶ አይጠፋ ይሆናል እንጂ ይገራል። የሚገራው በሌዘር ነው፤ ይኸውም የደም ሥሮቹ ውጠውት የሚዘጉበት ብርሃን ነው። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ እንደሷ ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ኃይሉ ቀነስ ተደርጎ በዝግታ ነው የሚሠራው፤ አለዚያ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ሐኪሟ በሽታውን የሚያባብሱ ነገሮችንም ዘረዘረችላት። እሷ ግን ልቧ ሌዘሩ ላይ ስለነበር «እሺ፣ እሺ» እያለች አሳለፈችው።

ዓይኗን በጥቁር መነጽር ሸፍነው አስተኟት። ብርሃኑ ብልጭ ባለ ቁጥር ፊቷን በላስቲክ የሚገርፏት መሰላት።

«ዶክተር፣ ቁንጅና እንዲህ ከሆነ ሳልቆነጅ ብቀርስ?» አለች። ሐኪሟ እየሳቀች ሥራዋን ቀጠለች።

ሕክምናው ሲደጋገም ቅላቱ ረገበ። እናቷ ደውላ ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ ኖሯል፣ አሁን ተሠራ አለቻት። እሷም ልብ አገኘችና ወደ ኃላፊው ገባች።

«ፊቴ ድኗል። እሱ ግን አሁንም መብራት እያጠፋ ጨለማ ውስጥ ያቆመኛል። ወይ እሱ ወይ እኔ» አለችው።

ኃላፊው ካሜራማኑን አስጠርቶ እሷ ባለችበት ጠየቀው። ሰውዬው ትንሽ አያትና ኮፍያውን ይበልጥ ደፍቶ ወጣ። በማግስቱ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ። ቅር አላት። ወዲያው ግን የእህቱን ልጅ አስታወሰችና ራሷን አጽናናች።

አዲሱ ካሜራማን ሰው አክባሪ ወጣት ነው። ያለውን መብራት ሁሉ አበራላት፤ ካሜራውን አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋላት። ትኩስ ሻይዋን ፉት እያለች ስትጠብቅ ንግሥት ንግሥት አላት። «ከፊል ደመናማ» ላይ ስትደርስ ጉንጮቿ መንደድ ጀመሩ። ስትጨርስ ስልኩ ይጮኻል፤ ልጅቷ ደግሞ ጀመራት ወይ ይላሉ። ኃላፊው ፊትሽ በዚህ ሳምንት ካልተስተካከለ በቃ አላት።

ሐኪሟ ዘንድ እየበረረች ደረሰች። በመጠበቂያው ክፍል ማንንም ቀና ብላ ሳታይ ሰተት ብላ ገባች።

«ሌዘራችሁ ከሽፏል፣ ዶክተር።»

ሐኪሟ በማጉያው አየቻት። የደም ሥሮቹ እንደተዘጉ ናቸው። ሥራ ቦታ የተለወጠ ነገር እንዳለ ጠየቀቻት።

«ምንም። እንዲያውም የሚያሰቃየኝን ሰውዬ አስነስቼ ተገላግያለሁ» አለችና መብራቱን፣ ካሜራውን፣ ሻዩን፣ ቃሪያውን አንድ በአንድ ነገረቻት። እንዴት አድርጋ እንደነቃችበት ስትተርክ ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበር።

«መብራቱም፣ ትኩስ ሻዩም፣ ቃሪያውም ያኔ ከዘረዘርኩልሽ ውስጥ ናቸው» አለች ሐኪሟ። ተነስታ በሩን ከፈተች፤ ተረኛውን ጠራች።

ከወንበሩ የተነሳው ካሜራማኑ ነበር፤ በመስኮቱ ብርሃን ሲታይ ፊቱ ከእሷ የባሰ ቀልቷል።