ከክርስትናው በፊት

ማህደር ጠዋት ተነስታ ፊቷን ታጠበችና ነጭ ቀሚሷን ለበሰች። ፊኛዋ ሲሞላ የሚነግራት የእጇ አምባር ሲንቀጠቀጥ መጸዳጃ ቤት ገብታ ተቀመጠች። መሽናቷን ያወቀችው እንደ ወትሮው በድምፁ ነው።

የማደንዘዣው መርፌ ከመጣ ወዲህ ምጥ የያዛት ሴት ማርያምን መጥራት ትታለች። ሕመም የለም። ከወገብ በታች የሚሰማው ሁሉ ግን አብሮት ይሄዳል፤ ለአንዳንዷ ይመለሳል፣ ለአንዳንዷ አይመለስም። ሐኪሟ አርባ ቀን ጠብቂ ብላታለች፤ ከዚያ ካለፈ ተስፋ የለውም። ልጇ ዛሬ ክርስትና ይነሳል።

እናቷ ወይዘሮ የሺሐረግ ነጠላቸውን ሲያጣፉ አስነጠሳቸውና ጭናቸውን ገጠሙ።

"ይኸው አመለጠኝ። አንቺን የወለድኩ ለት ያተረፍኩት ነው።"

"አምባር ልግዛልሽ፣ እማዬ?"

"ተይኝ እባክሽ። እኔ እንኳ ሲያመልጠኝ ይታወቀኛል።" ወዲያው ደነገጡ። "ውይ፣ አፌን ቁርጥ ያድርገው።"

ማህደር ፈገግ አለችላቸውና ልጁን ጭኗ ላይ አስተኛችው። ጥቂት ቆይቶ እናቷ ቀሚሷን አዩ። ነጩ ጨርቅ እስከ ጉልበቷ ርሷል።

"አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?"

ማህደር አምባሯን ተመለከተች። ጸጥ ብሏል።

"እሱ ነው" አለች።

"ይሞቃል አይደል?" አሉ እናቷ ቀስ ብለው። "የልጅ ሽንት ይሞቃል።"

መዳፏን እርጥቡ ላይ አሳረፈች።

"ይሞቃል።"

መዳፏ ሞቆታል። ጭኗ ግን ልጅ እንደተኛበት አያውቅም፤ ከእንግዲህም አያውቅም።